ልጅቱ አረፈች

ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ አልቆም ያለ መንቀጥቀጥ ሲይዛት ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የምሸጥበት ሱቄ ውስጥ ነበርን። የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በፊትም ወድቃ ታውቃለች፤ ግን ሰው ደንግጦ ሳይጨርስ የሚለቃት ዓይነት ነበር። ይሄኛው አልለቀቃትም። ገዢው፣ ጎረቤቱ፣ መንገደኛው ሁሉ ሱቄ ገባ፤ ሌላ ቀን እንዲህ ቢሰበሰቡልኝ ከብሬ ነበር። አንዱ «እንዳትነኳት፣ ይጋባል» ይላል። አንዷ የሱቄን ቁልፍ አንስታ አስጨበጠቻት። የቀሩት ክብሪት እየጫሩ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ ማስጠጋት ያዙ። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ይሸተታል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ የሚያቆመውም የለም። በባጃጅ ሆስፒታል ስናደርሳት ልጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠች ነበር፤ ሽታዋ ደግሞ የክብሪት ፋብሪካ ሆኗል።

የተቀበለችን ነርስ ከጀመራት ምን ያህል እንደቆየ ጠየቀችኝ። እኔ ምላሴ ተሳስሯል። ተከትሎን የመጣው ጎረቤቴ «ሁለት ክብሪት ሙሉ ጨርሰናል» ብሎ መለሰልኝ። ነርሷ ከትንሽ ብልቃጥ መድኃኒት በሲሪንጅ ሳበችና መርፌውን ነቅላ ጣለችው። ይቺ ሴትዮ ሥራዋን አታውቅም አልኩ በሆዴ። ቀጥላ ልጄን በጎኗ አስተኝታ ሱሪዋን ዝቅ ስታደርግ ግን በሆዴ መያዝ አልቻልኩም። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። እሷ መድኃኒቱን በመቀመጫዋ በኩል ሰጥታ፣ እንዳይመለስ መቀመጫዋን በእጇ ገጥማ ይዛ፣ እኔን እንደ ሬዲዮ ታዳምጠኝ ነበር። ስድቤን ሳልጨርስ የልጄ እግር መምታቱን ተወ። ቀጥሎ እጇ፣ ቀጥሎ መንጋጋዋ ተላቀቀ። አፈርኩ፤ እኔን ማሳፈር ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም።

መድኃኒቱ ዲያዜፓም ይባላል። የሚያረጋጋ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ የልጅ ጭንቅላት አንዴ ከተነሳበት ራሱን ማብረድ የሚያቅተው ጊዜ አለ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ቆሞ ማየት ጉዳት ያመጣል። በየቀኑ የምትጠጣው ሽሮፕ አዘዘላት። ያኛው ደግሞ አልቆም ላላት ቀን ብቻ ቤት እንዲቀመጥ ልኩን ወስኖ ሰጠኝ። አሰጣጡን ያስተማረችኝ ያችው የሰደብኳት ነርስ ናት። በተጠቀለለ አንሶላ ላይ አለማመደችኝ። እየተንቀጠቀጠች ደም ሥር ልፈልግ ብትይ አታገኚም፣ በአፏ ቢሰጣት ያንቃታል፣ ይሄኛው መንገድ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው አለችኝ። ከሰጠኋት በኋላ እንደምትተኛ፣ ትንፋሿን ቁጭ ብዬ መጠበቅ እንዳለብኝ፣ ካልቆመላት ወይ ትንፋሿ ካላማረኝ ወደ ሐኪም ቤት እንድሮጥ ነገረችኝ። «ሲስተር፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። አንሶላው ላይ የተጠቀምኩበትን ሲሪንጅ አይታ በጣም አስገብተሽዋል አለችኝ፤ ይቅር ማለቷ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቀቴ አንድ ሆነ፤ እኔ በሌለሁበት ቢነሳባትስ? አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የሚኖረው መንገድ ላይ ነው፣ ቤት የሚመጣው ለእንግድነት ነው። የእኔ ዘመድ ሩቅ ነው። የቀሩኝ አንኮበር ያሉት አማቴ ናቸው። አማቴ ቄስ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የልጅ ልጃቸውን የሚወዱት እንደ ዐይናቸው ነው፤ ዐይናቸው ደግሞ ብዙም አያይላቸውም።

ክረምት ሲገባ ፍልሰታን እሳቸው ዘንድ ትጹምልኝ፣ ትቁረብልኝ፣ ጸበልም ላስጠምቃት ብለው ላኩብኝ። እኔ ጸበልን የምጠላ ሰው አይደለሁም። የምጠላው ሽሮፑን የሚያስጥለኝን ነው። ይሄንኑ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። እሳቸውም ጸበሉን የፈጠረ፣ ሽሮፑንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ በአንዱ ሌላው አይቀየምም አሉኝ። ተስማማን። ሽሮፑ ጠዋትና ማታ፣ ጸበሉ በመካከል። የቀረው ያ ሌላው መድኃኒት ነበር።

ልጄን ይዤ አንኮበር ስሄድ ብልቃጡንና ሲሪንጁን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ። ማታውኑ አይቼቴን፣ ማለቴ የባሌን እኅት፣ ቁጭ አድርጌ በተጠቀለለ ጋቢ ላይ ማስተማር ጀመርኩ። አማቴ በምን በኩል እንደሚሰጥ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ከየት አገር የመጣ ነው ብለው ጠየቁ። ከደብረ ብርሃን አልኳቸው። «እኔ መድኃኒት በፊት በር ሲገባ እንጂ በጓሮ በር ሲገባ አላየሁም» አሉና መደባቸው ላይ ዞረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። አልፈረድኩባቸውም። በፍልሰታ በየቀኑ የሚቀድሱ ሰው ናቸው። የሚቀድስ ቄስ እጁን ከስንት ነገር ይጠብቃል፤ የልጅ መቀመጫ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ለአይቼቴ ብልቃጡ አንገቱ ላይ እንዴት እንደሚሰበር፣ እስከ የቱ መስመር እንደሚሳብ፣ መርፌው መነቀሉ እንዳይረሳ፣ ልጅቱ በጎኗ እንድትሆን፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳይገባ፣ ከተሰጣት በኋላ እንደምትተኛ እየደጋገምኩ ነገርኳት። አምስት ደቂቃውን በስልኳ ሰዓት እንድታይ አልኳት። ይሄኔ ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ። አምስት ደቂቃ ስንት አቡነ ዘበሰማያት ይሆናል ነው የሚሉት። እንደ አነባበብዎ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም፤ እንቅልፍ ወስዷቸው ነው ብዬ አይቼቴን ማስተማሬን ቀጠልኩ።

ልጄን ትቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ክረምት ለብርድ ልብስ ነጋዴ መኸር ነው፤ ዘግቼ ልቀመጥ ብል የምበላው የለኝም። በየማታው እየደወልኩ ደኅና መሆኗን እጠይቃለሁ። አንኮበር ስልክ እንደልብ አይሠራም። ከአማቴ ቤት ኋላ ያለችው ጉብታ ላይ ካልወጡ አይሰማም፣ ጉብታዋም ላይ ቢሆን ጉም ሲወርድ እንደፈለገው ነው። ቢሆንም እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ለአንዲት ሙሽራ እናት ባለ ሁለት ፊቱን ብርድ ልብስ ዘርግቼ እያሳየሁ ስልኬ ጮኸ። የአይቼቴ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የአማቴ። አማቴ ስልክ ደውለው አያውቁም። ንፋሱ ይጮሃል።

«መድኃኒቱን ሰጠኋት» አሉኝ። «ልጅቱ አረፈች።»

ስልኩ ተቋረጠ።

ቄስ ቤት ማንም እንደማይሞት ላስረዳ። ጎረቤቱ ያርፋል፣ መነኩሴው ያርፋሉ፣ ቀበሌውን ሲያውክ የኖረው ሰካራም እንኳ ሲሞት ያርፋል። እሳቸው «ሞተ» የሚሉት በግ ሲሞት ነው። ስለዚህ የሰማሁትን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። መልሼ ደወልኩ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል በእርጋታ ነገረችኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ በእርጋታ ደገመችልኝ። የሙሽራዋ እናት ብርድ ልብሱን ይዛ «ቀለሙ ይለቃል?» ትለኛለች። «አይለቅም» አልኳት። ሱቄን ላይዋ ላይ ልዘጋባት ነበር።

መናኸሪያ ስደርስ የአንኮበሩ ሚኒባስ አልሞላም። ሾፌሩ ሰው ይቀረናል፣ ታገሺ አለኝ። ልጄ አርፋለች አልኩት። ምንም ሳይመልስ ሞተሩን አስነሳ፤ እግዜር ይስጠው። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከጎኔ የተቀመጠች ጠና ያለች ሴት ስንት ዓመቷ ነበር ብላ ጠየቀችኝ፤ አምስት ሊሆናት ነው አልኳት። ሴትየዋ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። የእኔንም ዘቀዘቀችልኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ልጄን በዐይኗ አይታት አታውቅም፣ ግን አለቃቀሷ ክርስትና ያነሳቻት ይመስላል። ኋላ ወንበር ላይ ያሉ ሰዎች «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ትከሻዬን ይነካሉ። እኔ እንባ አልወጣኝም። ዐይኔ ደርቆ መስኮቱን አያለሁ፤ መስኮቱ ላይ ጉም እንጂ ሌላ የለም።

በሆዴ ምን እንደነበር ልናገር። አማቴን አልረገምኩም። ራሴን ነው የረገምኩት። ዐይናቸው የማያይ ሽማግሌ ቤት ብልቃጥ ተሸክሜ የሄድኩ እኔ ነኝ። መስመሩን አልፈው ስበው ይሆናል። መርፌውን ሳይነቅሉት ይሆናል። ደግሞስ አይቼቴ የት ሄዳ ነው እሳቸው የሰጧት? ክብሪት ቢያሸቷት ይሻል ነበር አልኩ። ክብሪት አያድንም፣ አይገድልም። የሳቅሁበት ሁሉ ያን መንገድ ሙሉ ሳቀብኝ። እናት ተስፋ ስትቆርጥ ምን እንደምታስብ ያላየ ሰው አይፍረድብኝ፤ ልጄን በመድኃኒት አስገደልኳት ብዬ አምኜ ነበር።

የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ደርሰን ስወርድ ሴትየዋ አብራኝ ወረደች። ሌሎችም ወረዱ። ለቅሶ ሳይደርሱ ቢያልፉ ነውር ነዋ። አንዱ ሰውዬ ወራጅ የነበረው ሌላ ቦታ ነው፣ እሱም ወረደ። በጭቃው ተያይዘን ወደ አማቴ ቤት ወጣን። ቤታቸው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም፣ አንድም ሰው የለም። ሴትየዋ ቆመችና ይሄ ምን ዓይነት ጎረቤት የሌለበት አገር ነው ብላ ተናደደች። ከዚያ አገሩን ለመጥራት ደረቷን እየመታች ድምፅዋን ለቀቀችው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

የተሰማው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ነው። ለካ እዚያ ምእመኑ ነጭ ለብሶ ቅዳሴ እስኪገባ ይጠብቃል። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፣ አንዱ ቄስ አማቴ ናቸው፣ አማቴ ደግሞ ቀርተዋል፤ ምክንያታቸውን የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ጩኸቱን ከቤታቸው ሲሰማ ሕዝቡ ምን ይበል? ቄሱ አረፉ ብሎ ጃንጥላውን እየያዘ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ መስከረም ሊጠባ ትንሽ ነበር የቀረው።

እኔ ይሄን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሩን ገፍቼ ገባሁ። ልጄ መደቡ ላይ በጋቢ እስከ አገጯ ተሸፍና በጎኗ ተኝታለች። አማቴ ራስጌዋ ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግማሉ። ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን አነሱ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። የጀመሩትን መዝሙር ሳይጨርሱ አይናገሩም። መደቡ ሥር ተደፋሁ። ሴትየዋ ከኋላዬ ገብታ ገና አስከሬኑን ስታይ ሙሾ ልታወርድ አፏን ከፈተች።

ልጄ አንኮራፋች።

ሴትየዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ልጄ ደግማ አንኮራፋች፤ አባቷ ድካም ሲበዛበት እንደሚያንኮራፋው አድርጋ፣ ረዘም ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር። ጋቢውን ገለጥኩት። ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። ጉንጯን ነካሁት፣ ይሞቃል። አፏ ጥግ ላይ ለሃጭ አለ። ያን ለሃጭ በእጄ ጠርጌ ግንባሬን ቀባሁት፤ ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ጸበል መሰለኝ።

«ልጅቱ ታንኮራፋለች እኮ» አለች ሴትየዋ፣ እኔ ያልሰማሁ መስሏት። ከዚያ አፏን አልዘጋችውም፤ የጀመረችውን ሙሾ ወደ እልልታ ለወጠችው። ድምፁ ብዙም አልተለየም። ውጪ ያለው ሕዝብ ቄሱም ልጅቱም በሕይወት እንዳሉ ሲሰማ ተቀበላት። የቄሱ ቤት በፍልሰታ ጾም ሰርግ መሰለ። ያ ሌላ ቦታ የሚወርደው ሰውዬ እንኳ ያጨበጭብ ነበር። ልጄ በዚያ ሁሉ እልልታ ዐይኗን አልገለጠችም። ለመድኃኒቱ ያለኝ አክብሮት የጨመረው ያን ጊዜ ነው።

አይቼቴ ከወፍጮ ቤት እህሏን ተሸክማ ስትመለስ ግቢው ሞልቶ አገኘችው። ዱቄቱን ጥላ ልትጮህ ስትል ሦስት ሰው አፏን ያዘ። በመጨረሻ ሌላ ቄስ ከጎረቤት ደብር ተፈልጎ መጣ፣ ሕዝቡም ወደ ቅዳሴው ተመለሰ። ሴትየዋ ስትወጣ ደህና ቀን ጠርቻት መምጣት እንደምትፈልግ ነግራኝ፣ ነጠላዬን መልሳ አስተካክላልኝ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት።

ቤቱ ጸጥ ሲል ቁጣዬ መጣ። ቁጣዬ እንግዳ ያከብራል፣ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል። አማቴ ዳዊታቸውን አጥፈው ማኅደሩ ውስጥ እያስገቡ ነበር። በሕይወት ላለች ልጅ አረፈች ይባላል ወይ አልኳቸው። በሚኒባስ የመጣሁትን፣ በሆዴ ያልኩትን፣ ነጠላዬን ማን እንደዘቀዘቀው አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አማት ይከበራል፣ ቄስ ይፈራል፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ላይ ረሳሁት። «ተኛች» የሚባል አማርኛ ጠፍቶብዎት ነው ወይ አልኳቸው።

ስጨርስ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሩኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሊነሱ ሲሉ ነው ልጅቱ የወደቀችው። ሴት ልጃቸው ወፍጮ ቤት ናት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለቅዳሴ ወጥቷል። በጎኗ አስተኝተው አቡነ ዘበሰማያትን መድገም ጀመሩ። ሲያነቡ ያለወትሯቸው እየፈጠኑ መሆናቸውን አወቁት፤ ስለዚህ ቀስ ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አልቆመላትም። ያን ማታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት ላለማየት ነው፣ ጆሯቸው ግን እኔ ጋ ነበር። ብልቃጡን ሲሰብሩት ስባሪው አውራ ጣታቸው ውስጥ ገባ። ደም የፈሰሰው ቄስ መቅደስ እንደማይገባ እኔ አልነግራቸውም። በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ቀጠሉ። መስመሩን ለማየት በሩ ላይ ወጥተው ሲሪንጁን ወደ ብርሃን አነሱት። መርፌውን ነቀሉ። እንደሰሙት ሰጧት።

እግሯ መምታቱን ተወ። ከዚያ ሁሉ ነገሯ ተወ። እጇን ሲያነሱት ይወድቃል፣ ሲጠሯት አትሰማም፣ ከንፈሯ ነጭ ሆነ። እንደምትተኛ ነግሬያቸዋለሁ። እንደዚህ እንደምትተኛ ግን እንዴት ይነገራል? ትንፋሿን ሊያዩ መዳፋቸውን አፍንጫዋ ሥር አደረጉት፤ መዳፋቸው ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ትሁን እሳቸው መለየት አቃታቸው። ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አስጠጉ፤ የሰሙት የራሳቸውን ልብ ነው። የልጃቸውን ስልክ ይዘው ጉብታዋ ላይ ወጡ።

«ስደውልልሽ አላወቅሁም ነበር» አሉኝ። «ተኛች ብዬሽ ሞታ ብትገኝ ዋሸሁሽ። ሞተች እንዳልልሽ አፌ እምቢ አለኝ። ሁለቱንም የሚችለውን ቃል ነው የነገርኩሽ።»

የምመልሰው ነበረኝ፤ እኔ የምመልሰው አጥቼ አላውቅም። ግን ልናገር ስል ጉብታዋ ታየችኝ። እሳቸው ከስልኩ በኋላ ከዚያ ወርደው እዚህ ቤት ተመልሰው ገብተዋል። እኔ በልጄ ያዘንኩት ከአንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ጋር ነው፤ ትከሻዬን የሚነካ ነበረኝ። እሳቸው ግን እስክታንኮራፋ ድረስ፣ ገደልኳት ወይስ አዳንኳት እያሉ ብቻቸውን ራስጌዋ ተቀምጠዋል። መንገዱን ሁሉ እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

ካለቀስኩ በኋላ ተነስቼ ውሃ አሞቅሁ። አውራ ጣታቸውን ከጋቢው ፈትቼ የብልቃጡ ስባሪ ውስጡ መቅረት አለመቅረቱን አየሁና አጠብኩላቸው።